ሁለት ጊዜ የተቆጠረችው

ሕዝብ ቆጣሪዋ የትናየት የተገኘችው ሰቆጣ ከተማ፣ በኪራይ ቤት ውስጥ በተከፈተው የቆጠራ ቢሮ ወለል ላይ ነበር፤ ማጅራቷን በብረት ተመትታ። ገና ሃያ አራት ዓመቷ። እኔን! ነጠላዋን እንኳ ያለበሳት ሰው አልነበረም።

በሩ ከውጭ ተቆልፏል። ቁልፉ ያላቸው ሦስት ናቸው፤ የቤቱ ባለቤት አቶ እንድሪስ፣ የደብሩን መዝገብ እዚያ እያመጡ የሚያመሳክሩት መሪጌታ ወልደ ሐዋርያትና የቢሮው ኃላፊ ይርዳው። ከሟቿ ደብተር የመጨረሻው ገጽ ተገንጥሏል። አዲሱ የመቃብር ቦታ ለክርስቲያኑና ለሙስሊሙ እንደ ቁጥራቸው ሊከፋፈል ነውና፣ ደጅ የተሰበሰበው ሕዝብ ፍርዱን ጨርሷል፤ «እንድሪስን አውጡልን!»

«ከልጅቷ ጋር ተጣልተው ነበር፣ አቶ እንድሪስ?» አለች ኢንስፔክተር ጥሩአየሁ።

«አዎ፣ ስለ ቁጥሩ። ስንበዛ ‹ወረሩን›፣ ስናንስ ‹ምን ድርሻ አላቸው› ነው የምንባለው። የትኛውን ልመኝ?»

ድንጋይ መስኮቱን ሰብሮ እግራቸው ሥር ወደቀ።

«እርስዎስ፣ መሪጌታ?»

«የምእመናኑን የክርስትና ስም ዝርዝር ሰጠሁ። ቁጥሩ ካነሰ ‹መንጋውን በተናችሁ› የምንባለው እኛ ነን።»

«እኔ ድምሩን ብቻ ነው ወደ በላይ የላክሁት» አለ ይርዳው። «ዝርዝሩን አላየሁትም።»

ጥሩአየሁ ሦስቱን አስቀምጣ የቆጠራውን መዝገብ ዘረጋች። «ሟቿ ትሰረዝ። ስንት መስመር ልሰርዝ?»

«አንድ ሰው አይደለች እንዴ?» አሉ አቶ እንድሪስ።

«አንድ ነው፤ የክርስትና ስሟን፣ ወለተ ሰንበት የሚለውን» አሉ መሪጌታ።

«ሁለቱንም ነዋ!» አለ ይርዳው።

«ዝርዝሩን ላላየ ሰው ጥሩ መልስ ነው» አለች። «ቀበሌው በመጠሪያ ስሙ፣ ደብሩ በክርስትና ስሙ የጻፉትን አንዱን ክርስቲያን ሁለት አድርገህ ደመርኸው። ከተገነጠለው ገጽ ሥር የብዕሯ ምልክት ቀርቷል፤ የራሷን ሁለት ስም አግኝታ ነበር። ያ ገጽ አቶ እንድሪስን ይጠቅማል፤ ለምን ይገነጥሉታል? መሪጌታም ዝርዝራቸው ምን እንደተደረገ አላወቁም። በኪስህ ያለውን አውጣ!»

ገጹ ከካፖርቱ የውስጥ ኪስ ወጣ።

«ለማተቤ ብዬ ነው!» ብሎ ጮኸ። «አሳልፋ ልትሰጠን ነበር!»

«የመታኸው እኮ ማተብ ያሰረ አንገት ነው።»

ይርዳው ታሰረ። ደጅ የነበሩት ወደየቤታቸው ተበተኑ፤ አቶ እንድሪስን ቀና ብሎ ያያቸው የለም። ቁጥሩ ግን ወደ በላይ ሄዷልና የሚመልሰው ጠፋ። ልጅቷን በዚያው ቁጥር ለክርስቲያኑ በተጨመረው መሬት ቀበሯት። የቀበሌው ጸሐፊ አንድ መስመር ሰረዘ፤ የትናየትን። ወለተ ሰንበት በዝርዝሩ ላይ እስከ ዛሬ በሕይወት አለች። ዘንድሮ ሃያ አምስት ሞላት።