እጀታው ላይ የነበረው ኮት

የኮልፌው መጋዝ ሲነሳ፣ አጋነንክ አትበሉኝና፣ ዘነበወርቅ ያሉ ውሾች ሳይቀሩ ጅራታቸውን ቆልፈው ይሸሻሉ። ያን ቀን ግን መሰንጠቂያ ቤቱ ጭጭ ብሏል። ሠራተኛው ወንድይፍራው ሊጠርገው ከገባበት ከመጋዙ ሥር፣ ሰጋቱራ ለብሶ፣ ሞቶ ተጋድሟል።

«ገዳዩ ያውና!» አሉ የመሰንጠቂያው ባለቤት አቶ ሀብተሥላሴ፣ የመጋዙን ሠራተኛ ቱሉን እየጠቆሙ። «የማስነሻውን እጀታ ስቦ መጋዙን ያስነሳው እሱ ነው። እኔ ምን አገባኝ? ውሰዱልኝ!»

መርማሪው መቶ አለቃ አምሐ ወደ ቱሉ ዞረ።

«ስበሃል?»

«ስቤአለሁ ጌታዬ። ኮቱ አልነበረማ!»

«የምን ኮት?»

«መጋዙ ሥር የሚገባ ሰው ኮቱን እጀታው ላይ ይሰቅላል። ኮት ካለ ማንም አይነካም። እንዴት እሱን... ሚዜው እኮ ነኝ!»

«ረስቶት ይሆናላ!» አሉ አቶ ሀብተሥላሴ።

አምሐ እጀታውን ዳሰሰ። ጣቱ በግራሶ ጠቆረ።

«ማን ቀባው?»

«እኔ፣ ዛሬ ጠዋት» አለ ቱሉ።

ትናንት ጠራጊ ሆና የተቀጠረችው የሟች ሚስት የኔነሽ፣ የባሏን ኮት ታቅፋ በሩ ሥር ተቀምጣለች። ነጠላዋ ጫፍ ላይ ክር ያንጠለጠለ መርፌ ተሰክቷል።

«ኮቱን ላየው፣ እህቴ?» አለ አምሐ።

አገላብጦ አየው። ከዚያ ሁሉንም መጋዙ ዙሪያ ሰበሰባቸው።

«ወንድይፍራው አልረሳም። አንገትጌው ውስጥ ያለው የዛሬው ግራሶ ነው፤ ኮቱ ተሰቅሎ ነበር። ያነሳው ሰው አለ። ኮቱ በሰጋቱራ ነጥቷል፤ ክርኑ የተሰፋበት ክር ግን ንጹሕ ነው። የተሰፋው ከእጀታው ከወረደ በኋላ ነው። መርፌውም...»

ዓይኑ የየኔነሽ ነጠላ ላይ አረፈ።

«እኔ ነኝ» አለች የኔነሽ። «ክርኑ ተቀዶ... ሲወጣ ይበርደዋል ብዬ...»

ቱሉ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«በቃ፣ እሷ ናታ!» አሉ አቶ ሀብተሥላሴ። «እኔ የለሁበትም!»

«ትናንት ስትቀጠር ስለ ኮቱ ደንብ ማን ነገራት?» አለ አምሐ።

አቶ ሀብተሥላሴ ፊታቸውን አዞሩ።

«እጀታው ላይ ያለው ቀዳዳስ ለምንድነው?»

«ለጓጉንቸር» አለ ቱሉ። «ሰው ሥር ሲገባ እንዲቆለፍ ከመጋዙ ጋር የመጣ ነበር።» በዓይኑ ወደ ጣውላ መጋዘኑ በር ጠቆመ። ጓጉንቸሩ እዚያ ተንጠልጥሏል።

«ጣውላዎን በጓጉንቸር፣ የሰው ነፍስ በኮት!» አለ አምሐ። «ሠራተኛዎ በሥራ ላይ ላጠፋው ተጠያቂው እርስዎ ነዎት። ሕጉ ነው። ይነሱ፣ እንሂድ።»

ቱሉን ማንም አልያዘውም። እሱ ግን አልሄደም። ኮቱን አምሐ ካስቀመጠበት ከየኔነሽ ፊት አነሳና እጀታው ላይ መልሶ ሰቀለው።

ወንድይፍራው ገና ከሥር ነበር።