በቀኝ ትከሻ ላይ የወደቀ ሹሩባ

በራሪ ወረቀቱ የአክስቷ ሐሳብ ነበር። መጸው ገብቶ ነፋሱ ሲበረታ፣ የመንገድ ዳር ዛፎችም ቅጠላቸውን ማራገፍ ሲጀምሩ፣ ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር ሁለት ሰዓት የሚቀመጥ ደንበኛ ይጠፋል።

«እንግዲያው ቤታቸው በዐሥር ደቂቃ የሚሠሩትን እናሳያቸው» አለች አክስት። «አምስት ቀላል የመጸው ፀጉር አሠራር፣ ከነፎቶው። ሲያቅታቸው ወደኛ ይመጣሉ።»

«ካላቃታቸውስ?» አለች የእህቷ ልጅ።

«ማጅራቱ ላይ ዐይን ያለው ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? ያቅታቸዋል።»

አክስትና የእህቷ ልጅ የሚኖሩት ከፀጉር ቤቱ በስተጀርባ ባለችው ክፍል ነው። የአክስት የጣት መገጣጠሚያዎች ካበጡ ሁለት ዓመት አልፏል። ማበጠሪያ መያዝ ትታ ከበሩ አጠገብ ተቀምጣ ደንበኛ ትቀበላለች። የሚሠራው ሁሉ በልጅቱ እጅ ነው። ስትጎነጉን ስለማታሳምም ደንበኞቿ «እጀ ቀላል» ይሏታል።

ፎቶ አንሺው ማዕዘኑ ላይ ካለው ስቱዲዮ መጣ። ፀጉሯን ልታሠራ ቃል የገባችው ደንበኛ ግን ቀረች።

«በቃ አንቺው ተቀመጪ» አለች አክስት። «ፀጉርሽን ያሳደግሽው በሻሽ ልትከድኚው ነው?»

እጀ ቀላል ከዚያ በፊት ከመስታወቱ ፊት ቆማ እንጂ ተቀምጣ አታውቅም። ራሷ የሠራችው የመጀመሪያው አሠራር ማጅራት ላይ ዝቅ ብሎ የተጠቀለለ ነበር። ሁለተኛው ግማሹ ታስሮ ግማሹ የተለቀቀ። ሦስተኛው ላላ ብሎ ተጎንጉኖ በአንድ ትከሻ ላይ ወደ ፊት የሚወድቅ የጎን ሹሩባ።

«ትንሽ ወደ ቀኝ» ይላታል ፎቶ አንሺው።

ትዞራለች።

«እሱ የኔ ቀኝ ነው። ያንቺን ነው ያልኩት።»

«የኔን ቀኝ አንተ ምን አገባህ?»

«ሙያዬ ነው። ሁሌም ፊት ለፊቴ ካለው ሰው ጎን ሆኜ ነው የማስበው።»

ይህን አባባሉን ያኔ ስቃ አሳለፈችው። በኋላ ግን ደጋግማ አሰበችው።

ፎቶው በየሳምንቱ ሰኞ ጠዋት፣ ደንበኛ በማይኖርበት ሰዓት ይነሳ ነበር። በአራተኛው ሰኞ አክስት ትዕግሥቷ አለቀ።

«አንተ ልጅ፣ ለአምስት ፎቶ አምስት ሳምንት? የሠርግ ፎቶ ቢሆን ሙሽሮቹ ያረጁብህ ነበር።»

«ብርሃኑ እስኪስተካከል ነው እትዬ።»

«ብርሃኑ ነው ወይስ ልብህ?»

እሱ አንገቱን ደፋ፤ ልጅቱ የሌለ ፀጉር ከወለሉ ላይ ጠረገች።

አምስተኛው ፎቶ ካለቀ በኋላ የታጠቡትን ፎቶዎች ልታመጣ ስቱዲዮው ሄደች። በጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ አሳያት። ከአምስቱ ሌላ፣ ማንም ያላዘዘው ስድስተኛ ፎቶ ነበር፤ ፀጉሯ ምንም ሳይሠራ፣ ማበጠሪያውን በጥርሷ ይዛ የሳቀችበት።

«ሥራ አግኝቻለሁ» አላት። «ሩቅ ነው፤ ሌላ ከተማ። ቅዳሜ ቀትር ላይ እሄዳለሁ።»

ፎቶዎቹን ሰበሰበች፤ ጠርዛቸው እስኪገጥም ጠረጴዛው ላይ ደጋግማ መታች። «እንኳን ደስ አለህ።»

«አብረሽኝ ነይ። አክስትሽን እኔ እጠይቃቸዋለሁ።»

«እጇን አይተኸዋል? የልብሷን ቁልፍ እንኳ የምቆልፍላት እኔ ነኝ።»

«አይቼዋለሁ። ለዚህ ነው ዛሬ መልሽልኝ ያላልኩሽ።»

ከውጭ ነፋሱ ደረቅ ቅጠል እየገፋ በበሩ ሥር ያስገባ ነበር።

«በአፌ አልነግርህም» አለች በመጨረሻ። «እንቢ ብልህ ፊትህን ማየት አልችልም። በስልክም ድምፅህን ከሰማሁ አለቅሳለሁ። ቅዳሜ ጠዋት በደጃችን እለፍ። ሦስተኛውን እሠራለሁ። ሹሩባዬ በቀኝ ትከሻዬ ላይ ከሆነ እሺ ነው፤ ግባና ለአክስቴ ንገራት። በግራ ከሆነ ዝም ብለህ እለፍ።»

«በግራ ካየሁት ሁለተኛ አላስቸግርሽም» አላት። «አልደውልም። ቃሌ ነው።»

ለሦስት ቀን እንቅልፍ አልነበራትም። ሐሙስ ዕለት እንቢ ልትል ወስና፣ አርብ ማለዳ አክስቷን አንድ ቁልፍ በጥርሷ ስትቆልፍ አገኘቻት። አክስት ቀና ብላ፦

«ምን ታዪኛለሽ? ከመወለድሽ በፊት ማን ይቆልፍልኝ ነበር?» አለቻት።

ያን ጊዜ ሐሳቧ ተገለበጠ። እሺ ልትለው ቆረጠች።

ቅዳሜ ማለዳ ግን መስታወቱ ፊት ቆማ ሹሩባውን ልትጥል ስትል አንድ ነገር ትዝ አላት። የፀጉር ቤቱ መስታወት ከበሩ ትይዩ ያለውን ግድግዳ ሞልቶታል። እሷ ስትሠራ ጀርባዋ ለመንገዱ ነው፤ ከመንገድ የሚያልፍ ሰው ፊቷን የሚያየው በመስታወቱ ውስጥ ብቻ ነው። እሱም የሚያየው መስታወቱ ውስጥ ያለችውን ሴት ነው። ያቺ ሴት ደግሞ ቀኝና ግራዋ የተገለበጠ ነው። «ሁሌም ፊት ለፊቴ ካለው ሰው ጎን ሆኜ ነው የማስበው» ብሎ የለ? እንግዲያው የሚቆጥረው የመስታወቷን ሴት ቀኝ ነው።

እንዳይሳሳትባት ብላ ሹሩባውን በግራ ትከሻዋ ላይ ጣለችው። መስታወቱ ውስጥ ያለችው ሴት በቀኟ ይዛ ፈገግ አለችላት።

«ዛሬ ደግሞ በግራ?» አለች አክስት ከበሩ። «ልጅነትሽን ሙሉ በቀኝ ስትጥዪ ነበር።»

«ለለውጥ ነው።»

አራት ሰዓት ተኩል ላይ መጣ። የአንዲትን ደንበኛ ፀጉር እያበጠረች በመስታወቱ አየችው። ሻንጣው በእጁ ነው። ቆመ፤ በመስታወቱ ውስጥ ተያዩ። እሷ ፈገግ ለማለት ከንፈሯ ተላቀቀ። እሱ ሹሩባውን አየ፣ ጎንበስ አለ፣ ሻንጣውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። ከዚያ አለፈ።

ይመለሳል ብላ ጠበቀች። የደንበኛዋን ፀጉር ሁለቴ ሠርታ ፈታችው።

«እጀ ቀላል፣ ምነው ዛሬ እጅሽ ከበደ?» አለቻት ሴትዮዋ።

ቀትር አለፈ። እሺ ብላ የታለፈች ሴት ምን ብላ ትደውላለች? «ለምን አልወሰድከኝም?» ብላ? ቁጥሩን ከስልኳ አጠፋችው፤ ከራሷ ግን አልጠፋም።

ማታ አክስቷ ሳትጠየቅ ተናገረች።

«ያ ልጅ ይገባል ብዬ ነበር። እኔ እኮ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ከአንዲት ጎረቤት ፀጉር ሠሪ ጋር ግማሹን ቤት ላከራያት ተነጋግረናል። ዐይንሽን ሳላይ የኖርኩ መሰለሽ?»

ልጅቱ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ዓመቱ እንደምንም አለፈ። መጸው ተመለሰ፤ በራሪ ወረቀቱ በበሩ መስታወት ላይ ተለጥፎ ፀሐይ አደበዘዘው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት ወጣት ፊት ለፊቱ ቆማ አነበበችውና ወደ ኋላዋ ተጣራች።

«ና እንጂ! ዐሥር ደቂቃ ነው የሚለው።»

ተከትሏት የገባው እሱ ነበር። ደፍ ላይ ቆሞ ነበር፤ ወጣቷ ግን እጁን ይዛ ጎተተችው።

«እጮኛዬ ፀጉር ቤት ይፈራል» አለች እየሳቀች። «እናቱን ልጠይቅ መጥቼ ነፋሱ እንዲህ አድርጎ በታተነኝ። በዚህ ጭንቅላት አማት ፊት ይቀረባል?»

እጀ ቀላል ወንበሩን አዞረችላት። «የትኛውን?»

«ሦስተኛውን። በቀኝ በኩል ጣይልኝ» አለችና መስታወቱ ውስጥ ወዳለው ምስሏ ጠቆመች፤ ያመለከተችው ግን የምስሏን ቀኝ ነበር።

ከበስተኋላ፣ አግዳሚው ላይ የተቀመጠው ፎቶ አንሺ ሳያስበው ተናገረ፦

«የመስታወቷን ሴት አትከተዪ፤ የሷ ቀኝ ያንቺ ግራ ነው። እኔ መስታወት ሳይ ምንጊዜም ገልብጬ ነው የማየው።»

የእጀ ቀላል ጣቶች ፀጉሩ ውስጥ ቆሙ።

አንዱ ለአንዱ አስቦ ነበር። እሷ ለሱ ገለበጠችው፤ እሱ ለሷ መልሶ ገለበጠው። እንደተባባሉት በቀኟ ብትጥለው ኖሮ በሩን ከፍቶ ይገባ ነበር።

እሱ የጣቶቿን መቆም አየ። በመስታወቱ ውስጥ ፊቱ ቀስ በቀስ ነጣ።

«ያኔ» አለ፤ ድምፁ ደረቀ። «እዚህ ወረቀት ላይ ያለውን ሹሩባ… አምና በደጃችሁ ሳልፍ… በትክክል ነበር ያየሁት?»

ወንበሩ ላይ ያለችው ልጅ ዐይኗን ጨፍና ነበር። «እንዴት እጅሽ ቀላል ነው» አለች። «ተኝቼ ነበር።» በአንገቷ ላይ ትንሽ፣ ገና ያልጠነከረች የሕፃን ፀጉር የምትመስል ዘለላ ነበረች። እጀ ቀላል ዘለላዋን ቀስ ብላ ወደ ሹሩባው አስገባቻት።

«በትክክል ነው ያየኸው» አለችው።

ትከሻው ሲላላ በመስታወቱ አየች። ዓመት ሙሉ ከደረሰባት ሁሉ ያ እፎይታ ባሰባት።

«ምኑን ነው ያየው?» አለች እጮኛው ዐይኗን ገልጣ።

«ፎቶውን» አለቻት። «እሱ ነው ያነሳው።»

«ውይ! አልነገርከኝም እኮ!»

ሄዱ። በመንገዱ ሲያልፉ እሱ ወደ መስታወቱ አላየም፤ እጮኛው ግን እጇን አውለበለበችላት። አክስት ከወንበሯ ሁሉንም ሰምታለች። ያበጡ ጣቶቿን ጉልበቷ ላይ ሰበሰበች።

ቀጣዩዋ ደንበኛ ተቀመጠች። «እኔም ያቺ የተሠራችውን» አለች።

«በየትኛው ትከሻሽ?»

«በቀኝ።»

«በአፍሽ አትንገሪኝ» አለች እጀ ቀላል። «በእጅሽ ንኪልኝ።»

ሴትዮዋ ግራ ተጋብታ ትከሻዋን ነካች። ከዚያን ቀን ወዲህ በዚያ ፀጉር ቤት ሦስተኛውን የምትሠራ ሁሉ ትከሻዋን በእጇ ሳትነካ አይጎነጎንላትም። ለምን እንደሆነ የሚጠይቁ አሉ። አክስት ከበሩ ሆና ትመልስላቸዋለች፦

«የቤቱ ደንብ ነው።»