የግራ እግር ድርሻ

የመካኒኩ ልጅ፣ ቡድኑ «ጉንዳን» የሚላት፣ ጠዋት ለጓደኞቿ «የብስክሌተኛ የኃይል ቁጥር ስጡኝ፤ ቁርሱን ሳይቀር እነግራችኋለሁ» እያለች ስትደነፋ ነበር። ከሰዓት ግን ከአባቷ ጀርባ ቆማ ጥርሷ ይንገጫገጫል። የቡድኑ ኮከብ፣ ከወለሉ ጋር በታሰረው የልምምድ ብስክሌት ላይ እንደተደፋ ሞቶ ተገኝቷል።

«ገዳዩ እሱ ነው!» አለ አሰልጣኙ፣ ቀኝ ጉልበቱን እያሻሸ አባቷን በአገጩ ጠቁሞ። «ፔዳሉ ላይ ያለውን የኃይል መለኪያ ያስተካከለው እሱ ነው። አሳንሶ ሲያነብበት ልጁ ልቡ እስኪፈነዳ ረገጠ!»

አባቷን ላብ አጠመቀው። ጉንዳን የሥራ ጋዎኑን ጨብጣ ያዘች። ከታሰረ ከእሱ ሌላ ማንም የላትም።

መርማሪዋ ድምጿን ከፍ የማታደርግ አጭር ሴት ናት። ሃያ ኪሎ ብረት ፔዳሉ ላይ ሰቀለች። ስክሪኑ ሃያ አለ።

«መለኪያው ጤነኛ ነው። አንቺ ነሽ አሉ ቁጥር አዋቂዋ? እስቲ አንብቢልኝ።»

«ሦ… ሦስት መቶ ዋት፣ እትዬ። ሃያኛው ደቂቃ ላይ ትንሽ አርፎ ቀጠለ። ሌላ ምንም የለም።»

«ከስሩ ያለውስ ቁጥር?»

ጉንዳን ከስሩ ያለውን ልብ ብላው አታውቅም።

መርማሪዋ ወደ ተጠባባቂው ብስክሌተኛ ዞረች። «መጨረሻ መቼ አየኸው?»

«ሲጀምር። አሰልጣኙ ጠርሙስ አቀበለው። ‹ምንድነው እንዲህ የሚመረው?› ሲል ሰምቼ ወጣሁ።»

መርማሪዋ በሩን ዘጋች። ሦስቱ ወንዶች ብስክሌቱን ከበው ቆሙ።

«ፔዳሎቹ የሁለቱን እግር ኃይል ለየብቻ ይመዘግባሉ» አለች። «ሟቹ ሁልጊዜ ሃምሳ ሃምሳ ነው። ዛሬም እስከ ሃያኛው ደቂቃ እንደዚያው። ከዚያ አራት ደቂቃ ዝም። ከዚያ ድንገት ግራ ስልሳ ስምንት፣ ቀኝ ሠላሳ ሁለት። ይሄ የእሱ እግር አይደለም። ቀኙ የማይታዘዘው ሰው ነው የረገጠው።»

ሁሉም የአሰልጣኙን ጉልበት አዩ።

«ጠርሙሱ ውስጥ የጨመርከው መራራ ማነቃቂያ መድኃኒት ገደለው። ሬሳውን አወረድክ፣ ብስክሌቱ ላይ ራስህ ወጥተህ ረገጥክ፣ መልሰህ አስቀመጥከው። በልምምድ ብዛት የሞተ እንዲመስል። ጥፋቱን ደግሞ ለመካኒኩ ሸለምከው።»

አሰልጣኙ መፍቻ አነሳ። ጉንዳን ጮኻ ከአባቷ የሥራ ጋዎን ስር ገባች። ውጭ የቆሙት ፖሊሶች በሩን በርግደው ገብተው ያዙት። እየጎተቱ ሲያወጡት እግሩ ወለሉን ሲፍቅ ይሰማል።

«እኔም እኮ ግማሹን ደርሼበት ነበር» አለ የጉንዳን ድምፅ።

መርማሪዋ ደብተሯን ዘጋች።

«መጀመሪያ ከጋዎኑ ስር ውጪ።»