ጨረቃዎች፣ ተደበቁ!

«ጨረቃዎች ተደበቁ! ፀሐይ ወጣች!»

ረሆቦት ፊሽካዋን ነፋች። የዘይት ጀሪካን ቆርጠው ራሳቸው ላይ የደፉ ሃያ ሕፃናት በትምህርት ቤቱ ግቢ አቧራ ውስጥ ተተራመሱ። ከዘጠነኛ ክፍል አንደኛ የወጣች የሻምበል ልጅ ክረምቷን እንዲህ ታሳልፋለች ብሎ ማን ይገምታል? ለነጌሌ ሕፃናት የተዘጋጀው የቀን ካምፕ «የጠፈር ሳምንት» ይባላል። ጠፈር እቴ! የሳተርን ቀለበት ተብሎ የተሰቀለው የብስክሌት ቸርኬ ነው። ሮኬቱ ባዶ ሃይላንድ ነው። አስተባባሪው ጋሽ በፍቃዱ ሃይላንዱን በብስክሌት ፓምፕ ነፍተው ባስወነጨፉ ቁጥር ዓለም ያደነቃቸው ይመስል እጃቸውን ወገባቸው ላይ ያደርጋሉ። ረሆቦት ስታያቸው ያማታል።

ጨዋታው የእሷ ፈጠራ ነው። ፀሐይ የሆነው ልጅ ሲመጣ ጨረቃ የሆኑት ሮጠው ከግንቡ ጀርባ ይደበቃሉ። «ጨረቃ በሌሊት፣ ፀሐይ በቀን» ብላ በትልቅ ካርቶን ጽፋ ግንቡ ላይ ሰቅላለች።

አንዷ ጨረቃ ግን ንቅንቅ አላለችም። ቱሜ ናት፤ ከከተማው ዳር በእግሯ የምትመላለስ የስምንት ዓመት የቦረና ልጅ።

«አንቺ! አማርኛ አይገባሽም?»

«ይገባኛል ቲቸር። ጨረቃ ግን አልተደበቀችም እኮ። ያቻትና!» ቱሜ ወደ ምዕራብ ጠቆመች።

ረሆቦት ቀና አለች። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው። አዲስ አበባ በዝናብ ስትጨቀይ፣ እዚህ ሰማዩ የታጠበ ሳህን መስሏል። ከግራሩ በላይ ነጣ ያለች ግማሽ ጨረቃ ቁጭ ብላለች። ረሆቦት ክው አለች። ወዲያው ደግሞ ንዴቷ መጣ። ለዚች ኩርፋድ ልሸነፍ? በሃያ ሕፃን ፊት?

«ደመና ነው» አለች።

«ደመና?» ቱሜ ግራ ገባት። ቤተሰቦቿ ደመና ሲጠብቁ ነው ዓመቱ የሚያልፈው፤ ደመናን ከሌላ ነገር ጋር አምታታ አታውቅም።

«ደመና ነው አልኩሽ! ከብት ስትከተዪ ያየሽውን እዚህ አምጥተሽ ሳይንስ አታበላሺብን። ነገ ሮኬቱን የምታስወነጭፊው አንቺ መሆንሽ ቀርቷል!»

ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። እረፍት ሳይደርስ «ደመና! ደመና!» የሚል ስም ወጣላት። ቱሜ አላለቀሰችም። የጀሪካን ኮፍያዋን አውልቃ መሬት መሬቱን እያየች ተቀመጠች።

ከረሆቦት ጋር የምታስተባብረው ጓደኛዋ ኢክራም የቀለም ብሩሽ እያጠበች ጠጋ አለቻት። «ረሂ፣ አንቺም እኮ አይተሻታል። ቀና ስትዪ ፊትሽ ልውጥ ብሏል።»

«ሙድ አትያዢብኝ ባክሽ። ለአንዲት ፋራ ብዬ ልዋረድ?»

«ፋራዋስ የትኛዋ እንደሆነች እንጃ» ብላ ኢክራም ብሩሿን ይዛ ሄደች።

በማግስቱ የመዝጊያው ቀን ነበር። ወላጆች ከጠዋቱ ጀምሮ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረዋል። ሻምበል አባቷ ከፊት ናቸው። ጋሽ በፍቃዱ ለሃይላንዱ ክብር ሲሉ ክራቫት አስረዋል። ረሆቦት ይህን እያየች ከንፈሯን ስትመጥ፣ ቱሜ አንድ ሽማግሌ በዱላቸው ጫፍ እየመራች መጣች።

«አካም፣ ናጋ?» ብለው ደህንነቷን ጠየቁ ሽማግሌው።

«ናጋ፣ አባባ።» ክስ ይዘው መጡ፣ አለች በሆዷ። እኒህ ብቻ ነበሩ የቀሩኝ!

«ጣዲቻ እባላለሁ፤ የቱሜ አያት ነኝ። ደመና ነው ያልሽው መምህርት አንቺ ነሽ?»

«አባባ፣ እሷ ጨዋታ ስላበላሸች ነው እንጂ እኔ…»

«ለጠብ አልመጣሁም ልጄ።» ሁለቱም ዐይኖቻቸው ላይ ነጭ ሞራ ወጥቷል። «እኔ ቀን ቆጣሪ ነኝ። ልጁ ስም የሚወጣለት፣ ሙሽራዋ የምትገባው መቼ ነው እያሉ ከአሬሮ ድረስ ይጠይቁኛል። እኛ ቀኑን የምናውቀው በጨረቃና በኮከብ ነው። ዐይኔ ከደከመ ሁለት ዓመቴ። ጨረቃዋ የት እንዳለች የምታይልኝ ቱሜ ናት። ደመናውን ጨረቃ እያለችኝ ከሆነ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ለሰው የተሳሳተ ቀን ስሰጥ ኖሬያለሁ። ዛሬ ከሰዓት ሽማግሌዎቹ ይሰበሰባሉ፤ ቆጠራውን ለሌላ ላስረክብ ነው። የተማረ ሰው ያውቃልና አንድ ጊዜ ከአፍሽ ልስማው ብዬ መጣሁ። እሷንም ሐኪም ቤት ወስጄ ዐይኗን አስመረምራለሁ።»

ረሆቦት ፊታቸው ላይ ፌዝ ፈለገች። የለም። ቢሰድቧት በስንት ጣዕሙ!

«ቱሜ» አለች ቀስ ብላ፣ «ዛሬ ጨረቃዋ የት ናት?»

ቱሜ አንገቷን አላነሳችም። «እንጃ።»

«ዛሬ አላይልህም ብላኛለች» አሉ አያቷ።

ያን ጊዜ ጋሽ በፍቃዱ በድምፅ ማጉያው አንባረቁ። «አሁን ደግሞ የሳምንቱ ምርጥ መሪ፣ ተማሪ ረሆቦት፣ የጨረቃንና የፀሐይን ጨዋታ ታቀርብልናለች!» ወላጆች አጨበጨቡ። ሻምበል ከሁሉ አስበልጠው አጨበጨቡ።

ረሆቦት ወደ ግቢው መሃል ሄደች። በዚህ ሳምንት ያልናቀችው ማን ነበር? ጋሽ በፍቃዱን፣ ሕፃናቱን፣ ኢክራምን፣ ቸርኬውን ሳይቀር ንቃለች። እንደ አሁኑ ግን ማንንም ንቃ አታውቅም፤ አሁን የናቀችው ደግሞ ራሷን ነው። በዝምታ ማለፍ ቀላል ነበር። ሽማግሌው ነገሩን ወደ ቤታቸው ይዘው ይሄዳሉ፤ ማንም አያውቅም።

ፊሽካዋን ነፋች። ሕፃናቱ እንደለመዱት ወደ ግንቡ ሮጡ።

«ጨረቃዎች፣ አትደበቁ!» አለች።

ሕፃናቱ መሃል መንገድ ላይ ቆሙ። ጋሽ በፍቃዱ የድምፅ ማጉያውን ዝቅ አደረጉ። ረሆቦት ካርቶኗን ከግንቡ ላይ ገንጥላ በእጇ ያዘች። አባቷን ላለማየት ሽማግሌውን አየች።

«አባባ፣ የቱሜ ዐይን ደህና ነው። ትናንት ጨረቃዋ እዚያው ነበረች። እኔም አይቻታለሁ፤ አይቼ ነው የዋሸሁት።» ወደ ልጅቷ ዞረች። «ቱሜ፣ የዛሬዋን አንቺ አሳዪን።»

ቱሜ የአያቷን ዱላ ሳትለቅ ወደ ምዕራቡ ሰማይ ቀና አለች።