ያልተመለሰ ምት

የከበሮ መምህሩ ከገዛ ከበሮዎቹ መሃል ጭንቅላቱን ተመትቶ ሞቷል፤ ፖሊስም ቸኩሎ ታናሽ ወንድሙን በካቴና ጠፍሯል። መርማሪዋ የደረሰችው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሌላው ያበላሸውን ማቃናት ደግሞ አንጀቷን ያሳርረዋል።

ሦስቱንም መማሪያ ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው፤ ሚስትየዋን፣ ወንድምየውንና አንጋፋውን ተማሪ።

«ከመጀመሪያው ይንገሩኝ» አለቻት ሚስትየዋን።

«ምኑን ልንገርሽ ልጄ? ግቢ ውስጥ ልብስ ሳጣጥፍ፣ ይሄ ተማሪው አጠገቤ ስልኩን ሲነካካ፣ ባሌ ወንድሙን ሲያስተምር በግድግዳው እንሰማ ነበር። በአፉ ድም ታካ ድም ይላል፤ ዝም ይላል፤ ሌላውን ይቀጥላል። ከዚያ ድምፁ ጠፋ። ወዲያው ወንድሙ፣ ሞቷል እያለ፣ ከክፍሉ ወጣ።»

«እኔ ገና በጓሮ በር መግባቴ ነበር» አለ ወንድምየው፣ ካቴናውን እያየ።

ተማሪው ፈገግ አለ። «ሁለታችንም ሰምተናል እህቴ። ይሄ ነገር ጆሮ ይፈልጋል።»

«ጆሮስ አለኝ፤ የሌለኝ ትዕግሥት ነው» አለች መርማሪዋ።

በዚህ ቤት ምትን በአፉ ያላለ ሰው ከበሮ አይነካም። መምህሩ ይላል፣ ተማሪው ይመልሳል። መርማሪዋ ይህን ከሰማች ጀምሮ አንድ ነገር ከንክኗታል።

«ተማሪ ካልመለሰለት ምን ያደርግ ነበር?»

«ይሳደባላ» አለች ሚስትየዋ። «ምላስህን ቤት ረስተኸው መጣህ ይልና ያንኑ ይደግማል። ሳይመለስለት ወደ ሌላው አያልፍም። ወንድሙንማ አንድ ምት ላይ ሲያደርቀው ነው የሚውለው።»

«ወንድሙ ሲመልስ ሰሙት?»

«አልሰማሁም። ሲያጉተመትም ነው ብዬ…»

«መምህሩስ ዛሬ ተሳደበ?»

ሚስትየዋ ዞራ ግድግዳውን አየች። «አልተሳደበም።»

መርማሪዋ ከትልቁ ከበሮ ጀርባ ትንሽ ስፒከር አነሳች። «መምህሩ ለቤት መለማመጃ ድምፁን ቀድቶ ለሰው ሰጥቶ ያውቃል?»

«ለሱ ብቻ» አለች ሚስትየዋ፣ ወደ አንጋፋው ተማሪ ዞራ።

«ስልክህን።»

ተማሪው ኪሱን በእጁ ሸፈነ፤ በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ ግን ቀደመው። መርማሪዋ መጨረሻ የተከፈተውን ቅጂ ነካች። ከስፒከሩ የሟቹ ድምፅ ወጣ።

«ድም ታካ ድም።»

ለተማሪው መልስ የተተወው ፀጥታ ክፍሉን ሞላው። ማንም አልመለሰም። ድምፁም ሳይቆጣ ወደሚቀጥለው አለፈ።

«ሬሳ አይሳደብም» አለች መርማሪዋ። «ቀድመህ ገደልከው፤ ከዚያ ግቢ ተቀምጠህ ቅጂውን ከስልክህ በስፒከሩ ለቀቅክ። ሰው ሁሉ በሕይወት አለ ብሎ ሲያስብ፣ አንተ ከሚስቱ ጋር ነበርክ። መጀመሪያ በሩን የከፈተ ሰው ዕዳውን ይሸከማል ብለህ ነው።»

ተማሪው ከበሮዎቹን አያቸው። «ዕድሜዬን ሙሉ አስለፈለፈኝ። ትምህርት ቤቱን ግን ለወንድሜ ነው የምተወው አለኝ። ድምን ከታካ ለማይለይ ሰው።»

«አልፈልግም ብዬው ነበር» አለ ወንድምየው።

ካቴናው ከወንድምየው እጅ ወጥቶ ወደ ተማሪው እጅ ገባ። ሚስትየዋ ተነሳች።

«ወንድምዬ፣ የሰማሁትን እኮ ነው የተናገርኩት።»

«ድምፄን እንዳልሰማሽም ታውቂ ነበር እትዬ።»

አንጓውን እያሸ ወጣና በሩን ዘጋው።