የጥሩወርቅ ልክ

እጅጋየሁ ቅዳሜ ቅዳሜ እናቷን ለመጠየቅ ደብረ ብርሃን ትመጣለች። ዛሬም እንደ ወትሮው ከመናኸሪያ ወርዳ ግማሽ ኪሎ ስኳርና ሁለት የልብስ ሳሙና ገዛች፣ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናነበችና ጉሙ ውስጥ ገባች። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ቢሆንም የነሐሴ ጉም መንገዱን ስለሸፈነው፣ የፈረስ ጋሪዎቹ መምጣታቸው የሚታወቀው በኮቴ ድምፅ ነበር። ዛሬ ግን በቀጥታ ወደ እናቷ ቤት አልሄደችም፤ ወደ ድሮ ትምህርት ቤቷ ታጠፈች።

ትምህርት ቤቱ ያረጀውን የትምህርት መርጃ መሣሪያ ክፍል ክረምቱ ሳይወጣ ሊያፈርሰው ነው፤ በእጁ የሠራውን የሚፈልግ የቀድሞ ተማሪ መጥቶ ይውሰድ ተብሏል። እጅጋየሁ ብትተወው ደስ ባላት። አሁን ባነር ማተሚያ ቤት ውስጥ ቀኑን ሙሉ ሸራ የምትለካና የምትቆርጥ የአርባ ስድስት ዓመት ሴት ናት፤ በአሥራ ስድስት ዓመቷ የሳለችውን ማየት የልጅነት የፍቅር ደብዳቤን ሰው ፊት የማንበብ ያህል ያሳፍራታል። እናቷ ግን በስልክ አጥብቀው ለመኗት።

«የጥሩዬን አምጪልኝ» አሉ። «ዓይኔ እንደሆነ አያይም። በእጄ ልዳብሳት።»

ጥሩወርቅ ታናሽ እህቷ ናት። የዛሬ ሠላሳ ዓመት፣ በአሥራ ሁለት ዓመቷ፣ አንድ ሰኞ ጠዋት ደብተሯን ይዛ እንደወጣች ቀረች። የነበረቻት አንዲት ፎቶ ለማፈላለጊያ ተብላ የገበያው በር ላይ ተለጥፋ ዝናብ በላት። ከእሷ የቀረ ነገር ቢኖር ያ ሥዕል ብቻ ነው። የሳይንስ መምህሩ የሰው አካል ሥሩ ሲሏቸው፣ እጅጋየሁ ሁለት የማዳበሪያ ከረጢት ገጣጥማ ሰፋች፤ ግቢያቸው ውስጥ ዘርግታም እህቷን በጀርባዋ አስተኛቻትና ዙሪያዋን በከሰል ተከትላ ልኳን አወጣች። በማግሥቱ መስመሩን በጥቁር የዘይት ቀለም ደገመችው፣ ውስጡን ሳንባና ጉበት፣ ልብና አንጀት ሞላችበት። ልኩ ግን የጥሩወርቅ ነው።

የዕቃ ክፍሉ ጠባቂ ጋሽ ወልደሰንበት አሁንም እዚያው ናቸው። «የቀለሟ ልጅ፣ መጣሽ?» አሉና ከቁልፉ ጋር ትንሽ ታግለው በሩን ከፈቱላት። መስኮቶቹ በቆርቆሮ ስለተመቱ ከበሩ የሚገባው ብርሃን ሦስት እርምጃ ያህል ሄዶ ያልቃል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ የአይጥ፣ የእርጥብ ግድግዳና የቆየ የዘይት ቀለም ሽታ ነው። ከፊት የአፍሪካ ካርታዋ ተሰቅሏል፤ ማዳጋስካርን የግብፅን ያህል አድርጋታለች። ከጎኑ የላም የምግብ መፍጫ ሥርዓት አለ፤ አራቱም የጨጓራ ክፍሎች በቦታቸው ናቸው፣ ላሟ ግን ፎቶ ልትነሣ የቆመች ይመስል ፈገግ ብላለች። እጅጋየሁ ብቻዋን ሳቀች። ያኔ እጇ እንዴት ደፋር ነበር።

ሳቋ ሳያልቅ ከክፍሉ ጥግ በአፍንጫ በኩል በረጅሙ የተለቀቀ ትንፋሽ የመሰለ ድምፅ ሰማች። ጋሽ ወልደሰንበት ዞር ብለው አላዩም።

«ነፋስ ነው» አሉ፣ ሳትጠይቃቸው። «ያንቺው ከጀርባ ነው። አስቸጋሪ ነው እሱ። እየተሳበ መሬት ሲነካብኝ፣ አይጥ እንዳይበላው ብዬ በየዓመቱ ምስማሩን ከፍ አደርጋለሁ። ዘንድሮ ኮርኒሱ ጋ ደረሰ። ከዚህ በላይ ምን ላድርገው?»

ግድግዳው ላይ የምስማር ቀዳዳዎች ከራሷ ትንሽ ከፍ ብለው ይጀምሩና አንዱ ከሌላው በላይ እየሆነ ወደ ጨለማው ይወጣሉ። ካርታውና ላሟ ግን በዚያው እርጥበት፣ በዚያው ግድግዳ ላይ፣ መጀመሪያ በተሰቀሉበት ምስማር ላይ ናቸው። ሽማግሌው መሰላል ላይ ወጥተው ከረጢቱን ሲያወርዱ ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው ነበር። ወርደውም እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ደጋግመው ጠረጉ።

ተጠቅልሎ ትከሻዋ ላይ ሲያርፍ ከበዳት። ሸራ ሲሸከም የኖረ ትከሻ ክብደት አይስትም፤ ይህ የጨርቅና የቀለም ክብደት አልነበረም። ባጃጅ ውስጥ ከጎኗ አቆመችው። ጉሙ በሁለቱም በኩል እየገባ ጣቷን ሲያደነዝዛት፣ ጥቅልሉን የተደገፈው ጎኗ ብቻ ሰው አጠገቡ እንደተቀመጠ ሁሉ ይሞቃት ነበር። የሞተሩ ሙቀት ነው አለች። ባጃጁ ሲቆምና ሞተሩ ሲጠፋም ሙቀቱ ስላልተለያት፣ ለማሰብ ጊዜ ሳትሰጥ ሒሳቧን ከፍላ ወረደች።

ቤት ውስጥ መብራት ጠፍቷል። ሻማ ለኩሳ ጠረጴዛውንና ወንበሮቹን ወደ በረንዳ አወጣችና ሥዕሉን ሳሎኑ ላይ ዘረጋችው፤ ራሱ ከአንዱ ግድግዳ ተጠግቶ እግሩ የውጪውን በር ደፍ ነካ። እናቷ ወይዘሮ ሙላቷ፣ ዓይናቸውን ሞራ የጋረደው፣ ወገባቸው የጎበጠ ትንሽ ሴት፣ በእንብርክካቸው ሆነው ከእግሩ በኩል መዳበስ ጀመሩ። መዳፋቸው በደረቀው ቀለም ላይ ሲሄድ የሚያሰማው ሻካራ ድምፅ ቤቱን ሞላው። ዳበሱ፣ ዳበሱ፣ አላልቅ አላቸው።

«አድጋለች» አሉ።

«እማዬ፣ ከረጢቱ ተስቦ ነው።»

«ሠላሳ ዓመት እኮ ነው፣ እጅጉ። አታድግም እንዴ?»

ይህን ያሉት በእርጋታ ነበር። ከዚያ ትንሽ አለቀሱ። እንባቸውን ጠርገው ወደ እግሩ ሲመለሱ ጣታቸው ግራ ተረከዙ ላይ ቆመ። «እዚህ ጋ ቀለሙ ተደርቧል» አሉና ተነሡ። «ትንሽ ጎኔን ላሳርፍ። እንዳታነሺያት።»

እናቷ ጓዳ እንደገቡ እጅጋየሁ ከቦርሳዋ ሜትሯን አወጣች። ከረጢቱ ጥግ ላይ በራሷ የልጅነት ጽሕፈት «ቁመት 1 ሜትር ከ38» ይላል። ለካችው። ሁለት ሜትር ከሃያ አንድ። ሸራ ሲሳብ ይጠብባል፣ ቀለሙም ይሰነጠቃል፤ ይህ ግን አንድም ስንጥቅ የለውም፣ ትከሻውም ሰፍቷል። ከዘመዶቻቸው ሁሉ በር ሲገባ ጎንበስ የሚል ሰው የለም። አንጀቱ መሃል ደግሞ የከሰል መስመር የመሰለ ነገር አየች፤ የከረጢቱ እጥፋት ነው ብላ አለፈችው። ሁሉንም አየች፣ ሁሉንም ወደ ጎን አደረገች፤ ሐሳቧ ተረከዙ ላይ ነበርና።

ልኳ በወጣበት ቀን ከሰሉ ተረከዟን ሲነካት ጥሩወርቅን ኮረኮራት። እየሳቀች እግሯን ሳበች። «እዚህ ጋ ክፍት ተይልኝ» አለች። «በዚህ እወጣለሁ።» እጅጋየሁም የአንድ ጣት ስፋት ተወችላት፤ በቀለም ስትደግመውም ቦታውን ዘለለችው። መምህሩ ከሃያ አሥራ ሰባት ሰጧትና በቀይ እስክሪብቶ «ያልተዘጋ መስመር» ብለው ጻፉባት። ለሦስት ማርክ ብላ ሰኞ ጠዋት፣ ተማሪው ለባንዲራ ተሰልፎ ሳለ ወደ መርጃ መሣሪያ ክፍሉ ገባችና ክፍተቱን በጥቁር ቀለም ደፈነችው። ጥሩወርቅ ትምህርት ቤት ደርሳ ነበር፤ የክፍሏ ልጆች ለመጨረሻ ጊዜ ያየናት ሰልፉ ላይ ነው ብለዋል። ከጎኗ የቆመችው ልጅ ዞር ስትል ቦታው ባዶ ነበር።

ሃያ ከሃያ ተሰጣት። ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም። የልጅ ፍርሃት ነው፣ ቀለም ሰው አይውጥም እያለች ራሷን ስታታልል ኖረች፤ ግን እናቷ በር ሲንኳኳ ቀና ባሉ ቁጥር ፊቷን ታዞር ነበር። አሁን እናቷ ሰማንያ ሊሞላቸው ነው። ልጃቸውን ሳይነኩ ሊሞቱ ነው፤ በሩን የዘጋችው ደግሞ እሷ ናት።

ሸራ የምትቆርጥበትን ምላጭ አወጣችና ተረከዙ አጠገብ ተንበረከከች። ቀለሙ እንደ ደረቀ ቅርፊት እየተጠቀለለ ተነሣ። የአንድ ጣት ስፋት ስትፍቅ፣ ከክፍተቱ ሙቅ አየር ወጥቶ የእጇን አንጓ ነካት፤ እርጥብ አፈር፣ እርጥብ ፀጉርና ያልደረቀ የዘይት ቀለም ሸተታት። ሻማው ዝቅ አለ። እጅጋየሁ ዓይኗን ጨፈነች። ፈርታለች፤ ግን ድብብቆሽ ሲጫወቱ እህቷ እስክትደበቅ እንደምትጨፍነው ዓይነት ነበር የጨፈነችው፣ ልቧ በደስታ እየመታ።

አንድ ከባድ ነገር ከወለሉ ቀስ እያለ ሲነሣ ሰማች። አጥንት እንደሚንቋቋ ያለ ድምፅ ከጉልበቷ ከፍታ፣ ከዚያ ከራሷ በላይ፣ ከዚያ ከዚያም በላይ መጣ። የአቡጀዲው ኮርኒስ ተፋተገና አቧራው ፀጉሯ ላይ ረገፈ። እርምጃው እሷን አለፋት፤ አንድ፣ ረጅም ዝምታ፣ ሁለት፣ ወደ ጓዳ። የጓዳው በር መቃን ከላይ በኩል ተመታ።

«መጣሽ?» አሉ እናቷ ከውስጥ። ድምፃቸው ከሠላሳ ዓመት በፊት የነበረው ድምፅ ነበር።

እጅጋየሁ መሬቱ ላይ እንደተንበረከከች አለቀሰች። ሸክሙ ሲወርድላት፣ ለዚያች ለሦስት ማርክ የተሸከመችው ሁሉ ከደረቷ ሲነሣ ተሰማት። ከጓዳ የእናቷ አልጋ ሲንቋቋና እርሳቸው ሲቆሙ ሰማች።

«ጎንበስ በይልኝ እንጂ የኔ ልጅ» አሉ እናቷ፣ በፍቅር። «ፊትሽ ጋ አልደረስኩም።»

ያን ጊዜ ዓይኗን ገልጣ ሻማውን አነሣችና ባዶውን ከረጢት ለማየት ጎንበስ አለች፤ ሳንባው፣ ጉበቱና ያ ረጅም ጥቁር መስመር ሁሉም ከላዩ ጠፍተዋል፣ አንጀቱ በነበረበት ቦታ ግን በቀጭን የከሰል መስመር፣ ትንሿ እህቷ ጉልበቷን ደረቷ ላይ ሰብስባ፣ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና፣ አሁንም እዚያው ነበረች።