ያ ዘፈንና የሐምሌ ብርድ

«ልብስ የማያጥብ ሰው እዚህ መቀመጥ አይችልም» አለች ዊልማ በአባቷ የልብስ ማጠቢያ ቤት ውስጥ፣ ድምጿን እንደ እሱ ለማወፈር እየሞከረች።

ልጅቷ ግን ጀርባዋን ከማድረቂያ ማሽኑ አላነሳችም። እጅጌ የሌለው ስስ ቀሚስና ነጠላ ጫማ ነው ያደረገችው። ውጭ ጭጋጉ ከባሕሩ ተነስቶ መንገዱን ውጦታል። ሐምሌ በሳን ፍራንሲስኮ እንዲህ ነው፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ካፖርት ለብሷል።

«ትንሽ ልሙቅ ብዬ ነው። ጆሊን እባላለሁ፣ ከኔብራስካ ነው የመጣሁት።»

«በዚህ ቀሚስ?»

«ስለ ሳን ፍራንሲስኮ የተዘፈነው ዘፈን እኮ እዚያ ሁሌም ሞቃት ነው ይላል። በር ሁሉ ክፍት ነው፣ ማንም ብቻውን አያድርም ይላል።»

የዊልማ ደም ፈላ። ከግንቦት ጀምሮ ሬዲዮው ከዚያ ዘፈን ሌላ ነገር የለውም። ዘፋኙ ይኼኔ ሞቅ ባለ ቤቱ ተቀምጦ ጊታሩን ይነካካል፤ እሱን አምነው የመጡት ደግሞ የነዊልማ ደጃፍ ላይ ይንቀጠቀጣሉ። ምን ዓይነት ጉድ ነው?

«ዕድሜሽ ስንት ነው?»

«አስራ ስምንት።»

«ባክሽ አትፎግሪኝ።»

«እሺ፣ አስራ አራት።»

ዊልማም አስራ አራት ነች።

ከመስታወቱ ውጭ አንድ ጢማም ሰውዬ ቆሞ ወደ ውስጥ ያያል። «ማደሪያ አለኝ፣ ነይ እያለኝ ነው» አለች ጆሊን ቀስ ብላ።

«ታውቂዋለሽ?»

«አላውቀውም። ግን የት ልሂድ?»

«እኔ ምን ላድርግ? አባዬ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ሁሉንም አስወጥተሽ ዝጊ ብሎኛል። አንዷን ካሳደርን ነገ ሰፈሩ ሁሉ ይመጣል ነው የሚለው።»

ይህን ብላ ንዴቷ አልበርድ አላት። ስልኩን አንስታ ሬዲዮ ጣቢያው ጋ ደወለች።

«ያንን የከተማችንን ዘፈን ስታሰሙ፣ እዚህ ይበርዳል ብላችሁ ተናገሩ። ልጆች አምነውት እየመጡ ደጅ ነው የሚያድሩት።»

የጣቢያው ሰው ሳቀ። «ዘፈኑን ወደሽዋል ማለት ነው፣ የኔ ቆንጆ? አሁኑኑ እጋብዝሻለሁ። ለማን ይሁንልሽ?»

ጆሮው ላይ ዘጋችበት። ወዲያው ግን መደርደሪያው ላይ ያለው ሬዲዮ «ለአንዲት ቁጡ ወዳጃችን» ብሎ ዘፈኑን ለቀቀው። ሄዳ አጠፋችው።

አንድ ሰዓት ሆነ። ዊልማ ቁልፉን ይዛ ወደ በሩ ስትሄድ ጆሊን ቦርሳዋን አነሳች። ዊልማ ግን በሩን ከውስጥ ቆለፈችና መጋረጃውን በሰውዬው ፊት ሳበችው።

«አባትሽስ?»

«ይቆጣኛል።» ስልኩን ገፋ አደረገችላት። «እናትሽ ጋ ደውዪ።»

«ምን ልበላት? በዘፈን ተሸወድኩ ልበላት?»

«በረደኝ በያት።»

ጆሊን ስልኩን አንስታ ቁጥሩን ማዞር ጀመረች።